ጸሎት ከስፍራው ሲለይ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከጃፓን ጉዟቸው ተመልሰው በ1924 ዓ.ም. «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፋቸውን ካሳተሙ፣ ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ከጻፉ ወዲህ፣ ስለዚያች አገር በአማርኛ የተነገረው ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል ስለ መርከቧ፣ ስለ ፋብሪካዋና ስለ ትምህርት ቤቷ ነው። ይህም ተገቢ ነበር፤ ሁለቱም ደራስያን ብዕራቸውን ያነሡት አገራቸው ከሩቅ ጎረቤት ትምህርት ታገኝ ዘንድ ነውና። ነገር ግን ጃፓኖች ሲጸልዩ ምን ይላሉ፣ ሲቀኙስ እንዴት ይቀኛሉ የሚለው ጥያቄ በእኛ ዘንድ ብዙ ሳይነገርለት ቀረ። ይህን ለማወቅ የፈለገ አንባቢ የአውሮፓ ሊቃውንት የጻፉትን ከመግለጥ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። እኔም ያንኑ መንገድ ተከትዬ ሳነብ፣ ከጃፓን ተነሥቼ ሳላስበው ሰበታ ደረስሁ። እንዴት እንደ ደረስሁ በዚህ ሐተታ አስረዳለሁ። (የውጭ አገር መጻሕፍትና ነገሮች ዘመን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ የአገራችን «ዓ.ም.» በሚለው ይለያል።)

የጃፓንን ሥነ ጽሑፍና ሺንቶ የተባለውን ሃይማኖት ለአውሮፓ ካስተዋወቁት መካከል ከሁሉ ቀድመው የሚጠሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ኧርነስት ሳቶ፣ ባዚል ሆል ቻምበርሌንና ዊልያም ጆርጅ አስተን። ሳቶና አስተን ገና ወጣቶች ሳሉ በብሪታንያ ሌጋሲዮን አስተርጓሚነት እንዲማሩ የተላኩ ሲሆኑ፣ ቻምበርሌን ግን በመምህርነት የኖሩ ናቸው። ሳቶ በ1875 ስለ ንጹሑ ሺንቶ መታደስ አንድ ታላቅ ሐተታ አቀረቡ፤ ቀጥለውም ካህናቱ በመሥዋዕት ጊዜ የሚያሰሙትን «ኖሪቶ» የተባለ የጥንት ጸሎት ወደ እንግሊዝኛ መለሱ። ቻምበርሌን በ712 የተጻፈውን «ኮጂኪ» የተባለውን የአማልክትና የነገሥታት ታሪክ በ1882 ተረጐሙ። አስተን ደግሞ «ኒሆንጊ»ን በ1896፣ የጃፓን ሥነ ጽሑፍ ታሪክን በ1899፣ ስለ ሺንቶ የሚናገረውን መጽሐፋቸውን በ1905 አወጡ።

የእነዚህን ሰዎች ድካም ሳመሰግን አንድ ነገር መዘንጋት አልፈልግም። ወደ ባዶ ሜዳ የገቡ አይደሉም። ከእነርሱ አንድ መቶ ዓመት ቀደም ብሎ ሞቶኦሪ ኖሪናጋ የተባሉ የጃፓን ሊቅ ከሠላሳ ዓመት በላይ ደክመው ኮጂኪን ቃል በቃል ፈትተውታል፤ ሥራቸው በ1798 ሲፈጸም አርባ አራት ጥራዝ ሆነ። የእኛ መምህራን መጻሕፍትን በአንድምታ እንደሚፈቱት ሁሉ፣ እኚህም ሊቅ የእያንዳንዱን ቃል ሥር እየቈፈሩ፣ የቀደሙትን አስተያየት እየጠቀሱና እየነቀፉ ነው የሄዱት። ስለዚህ ቻምበርሌን ቁጭ ብለው ኮጂኪን ሲተረጕሙ በክርናቸው አጠገብ አንድ የአገሩ መምህር ነበር። በጽሑፍ ይሁን እንጂ መምህር ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ ኋላ ያስፈልገናልና።

አሁን ወደ ግጥሙ ልሂድ። የጃፓን ባለቅኔዎች አንዱን ቃል እንደ በር ማጠፊያ አድርገው ይሠሩበታል፤ ቃሉ ከፊተኛው ሐረግ ጋር ሲነበብ አንድ ትርጕም፣ ከኋለኛው ጋር ሲነበብ ሌላ ትርጕም ይሰጣል። ለምሳሌ «ማጹ» የሚለው ድምፅ የጥድ ዛፍ ማለት ነው፤ እንደዚሁም መጠበቅ ማለት ነው። እንግዲህ በባሕር ዳር ስለ ቆመ ጥድ የተናገረ ባለቅኔ፣ ስሟን ሳይጠራ፣ ሰው ሲቀርባት ስለምትጠብቅ ሴት ተናግሯል። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ለማስረዳት ብዙ ቃል ማባከን አያስፈልግም። ኅብረ ቃል ነው። «ይማር» የሚለውን አጥብቀን ብናነበው ትምህርት፣ አላልተን ብናነበው ምሕረት የሚሆንበት ጥበብ ነው። የቅኔ ተማሪ ከጎጃም እስከ ወሎ ቁራሽ እየለመነ የሚማረው ይህንኑ ነው።

አስተን ግን ይህን ጌጥ አልወደዱትም። በእርሳቸው አገርና ዘመን ቃልን ለሁለት ትርጕም ማጠፍ የቀልደኛ ሥራ እንጂ የቁም ነገረኛ ሥራ አልነበረምና፣ በጃፓን ታላላቅ ግጥሞች ውስጥ ሲያገኙት እንደ ጉድለት ቈጠሩት። በዐሥራ ሰባት ቀለም የሚያልቀውን አጭር ግጥምም፣ ባሾ የተባሉት ታላቅ ባለቅኔ ስማቸውን ያስጠሩበትን፣ በሥነ ጽሑፍ መካከል ከፍ ያለ ስፍራ የሚገባው ነው ለማለት አልደፈሩም። ቻምበርሌን በዚህ ረገድ ለስለስ ያሉ ነበሩ፤ ገና በ1877 ስለ እንደዚህ ያሉ ቃላት ለብቻው ሐተታ ጽፈዋል። የአስተንን ፍርድ ሳነብ የተሰማኝን ልሸሽግ አልወድም። ሚዛኑ በጃፓን ላይ ብቻ የሚወድቅ አይደለም። በዚያው ሚዛን የተዋነይም፣ የዮፍታሔም ቅኔ ቢመዘን ቀልሎ ይገኛል። ሰምና ወርቅን የለመደ ጆሮ የጃፓንን ግጥም ከአስተን ይልቅ በቶሎ ያደምጠዋል ብዬ ስናገር የአገሬ ልጅ ስለ ሆንሁ የማዳላ አይምሰላችሁ፤ ጥበቡ አንድ ስለ ሆነ ነው።

የሃይማኖቱም ነገር እንዲሁ ነው። «ካሚ» የሚለውን የጃፓን ቃል ሦስቱም ሰዎች «አምላክ» ለማለት በሚያገለግለው የእንግሊዝኛ ቃል ተረጐሙት፤ ቃሉ ግን አልገጠመም። ሞቶኦሪ እንዳስረዱት ካሚ ማለት ከተለመደው ነገር በላይ የሆነና ፍርሃትና አክብሮት የሚያሳድር ሁሉ ነው፤ ተራራም፣ ዛፍም፣ ባሕርም፣ ሰውም ሊሆን ይችላል፤ በጎም ክፉም ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ «አምላክ» ብሎ የተረጐመ ሰው ወዲያው ጃፓኖች ስምንት ሚሊዮን አማልክት አሏቸው እያለ መገረም ይጀምራል። ትርጕሙ የፈጠረውን ችግር በሕዝቡ ላይ ይጭናል ማለት ነው። ቻምበርሌንስ ቢሆኑ፣ አማልክቱ ስለ መጋባታቸው የሚናገረውን ክፍል እንግሊዝኛ አንባቢ እንዳያፍር ብለው በላቲን አሳተሙት። ሊቃውንት ብቻ ይፈሩ ዘንድ የተፈቀደ ይመስላል!

አስተን በ1905 መጽሐፋቸውን ሲጨርሱ ሺንቶ እንደ ብሔራዊ ሃይማኖት ለመጥፋት የቀረበ ነው፣ የሚተርፈውም በተረትና በልማድ ነው ብለው ደመደሙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አርባ ዓመታት የጃፓን መንግሥት ይህንኑ ሃይማኖት የጦር ሠራዊቱና የትምህርት ቤቱ መንፈስ አድርጎ እንደ ተጠቀመበት፣ ፍጻሜውም በ1945 ምን እንደ ሆነ ዓለም ያውቃል። ሊቁ ለነቢይነት አልታደሉም። ቢሆንም ስሕተታቸው የሚታረም ሆነ፤ ኮጂኪም፣ ኒሆንጊም፣ ኖሪቶም ተጽፈው በመደርደሪያ ላይ ነበሩና። ተከታዩ ትውልድ፣ ጃፓናዊም ሆነ እንግሊዛዊ፣ የአስተንን ፍርድ ከጽሑፉ ጋር እያስተያየ ጣለው ወይም አጸናው።

ጽሑፉ በመደርደሪያ ላይ ባይኖርስ ኖሮ? መጽሐፉ በሽማግሌ አፍ ውስጥ፣ ቤተ መቅደሱም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ቢሆንስ? ይህን ጥያቄ ለመመለስ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ ወደ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ወደ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ሱሉልታ መውጣት ይበቃል።

እነዚህ ከተሞች የቱለማ ኦሮሞ አገር ናቸው። ሰበታ ከወጨጫ ተራራ ግርጌ ተቀምጣለች፤ ቡራዩ የገፈርሳን ውኃ ይዛለች፤ የሱሉልታ ሜዳ በክረምት ውኃ አቁሮ፣ በጥቅምት ለምልሞ ይታያል። ቱለማ በገዳ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ ሥልጣኑን ያስተላልፋል፤ ብርመጂ፣ መልባ፣ ሙደና፣ ሮበሌ፣ ዱሎ ተብለው የሚጠሩት አምስቱ ወገኖች ተራቸውን ጠብቀው ይረከባሉ። ፈጣሪውን ዋቃ ይለዋል። ክረምቱ ሲያልፍ ወደ ውኃ ዳር ወርዶ፣ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ያመሰግናል፤ ይህም ኢሬቻ ነው። ሽማግሌው አጭር አጭር ቃል እያወጣ ይመርቃል፤ ሕዝቡ በእያንዳንዱ ቃል መጨረሻ «ሐዬ» እያለ ይቀበላል። ምርቃቱ ድርሰት ነው። ስንኝ አለው፣ ምጣኔ አለው፣ ተራ አለው፤ ከብት፣ ዝናብ፣ ልጅ፣ ሰላም በየደረጃቸው ይጠራሉ። ሳቶ በጃፓን የተረጐሙት ኖሪቶ ስለ መከር የሚለምን ጸሎት እንደ ሆነ ሁሉ፣ ይህም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ሃይማኖቶች አንድ ናቸው ማለቴ ግን አይደለም። ካሚ ብዙ ነው፤ ዋቃ አንድ ነው። የማስተያየው ሊቃውንቱን እንጂ እምነቱን አይደለም።

ታዲያ የአውሮፓ ሰው ይህን ቃል የሰማው የት ነው? እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ በዚህ አካባቢ ያለፉት አውሮፓውያን ለመስማት በሚያመች ሁኔታ አልመጡም። በ1841 ወደ ሸዋ የመጣው የብሪታንያ መልእክተኛ ሜጀር ኮርንዎሊስ ሃሪስ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመቻ ጋር እስከ ፊንፊኔ ሸለቆ ደርሷል፤ በ1844 ባሳተመውም መጽሐፍ የሸለቆውን ውበትና የዘመቻውን ጭካኔ አንድ ላይ ጽፏል። ቤቱ እየነደደ ያለ ሰው ምርቃት አይመርቅም። ሃሪስ ያየውን ጻፈ፤ የሰማው ግን ጩኸት ነበር። ከእርሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ሸዋ የገባው ሚሲዮናዊው ክራፍ የኦሮምኛን ሰዋስው መጀመሪያ በ1840 አሳትሟል፤ ዓላማው ወንጌልን መተርጐም ነበርና ከሕዝቡ ቃል የፈለገው ለዚያ የሚረዳውን ያህል ነው።

ከእነዚህ ይልቅ የሚያስቈጨኝ የጉልዬልሞ ማሳያ ነገር ነው፤ አገሬው አባ ማስያስ ይላቸው የነበሩት። እኚህ ሰው በ1867 በፓሪስ የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው ያሳተሙ፣ ኋላም ብርብርሳ በተባለው ስፍራ፣ ዛሬ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በሚገኝበት አካባቢ፣ የሚሲዮን ጣቢያ የነበራቸው ናቸው። ብርብርሳ በኦሮምኛ ዝግባ ነው። ቋንቋውን ያውቃሉ፤ በመካከላቸው ይኖራሉ፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ስለ ቈየው ሥራቸው ዐሥራ ሁለት ጥራዝ ትዝታ ለመጻፍም ጊዜና ብዕር ነበራቸው። ነገር ግን በዙሪያቸው የሚሰማው ጸሎት ለእርሳቸው በሌላ ጸሎት የሚተካ ነገር ነበር እንጂ እንደ ኖሪቶ ቁጭ ተብሎ የሚጻፍ ድርሰት አልነበረም። ካህን በመሆናቸው አልወቅሳቸውም። ሳቶ ካህን ባለ መሆናቸው የጃፓን ጸሎት መታደሉን ግን እታዘባለሁ።

እንግዲህ የኦሮሞ ቃል በብዛት የተጻፈው የት ነው? በሚኒክና በኔፕልስ። በባቫሪያው መስፍን ማክሲሚልያን አማካይነት ከግብፅ የተወሰደ አካፈዴ የሚባል ኦሮሞ ወጣት በሚኒክ ይኖር ነበር። ካርል ቱትሼክ የተባለ ጀርመናዊ ቋንቋውን ከእርሱ ተማረ፤ ራሱ በ1843 ስለ ሞተ ወንድሙ ሎሬንስ መዝገበ ቃላቱን በ1844፣ ሰዋስውን በ1845 አሳተመ። ኦሮሚያን በዓይኑ ሳያይ የቋንቋዋን መዝገበ ቃላት ጽፎ የሞተ ሰው ነው። ሥራውን ሳስብ አዝናለሁም፣ አደንቃለሁም። አንትዋን ዳባዲ በዚህ ረገድ የተለዩ ናቸው፤ ዐሥር ዓመት ያህል በአገራችን ተመላልሰው፣ በግቤ አገሮችም ተቀምጠው፣ በ1880 ስለ ኦሮሞ ያወጡት ሐተታ ገዳን የሚናገረው በቅርብ ካየ ሰው አፍ ነው። ደግሞም ገዳን በጽሑፍ ያሰፈረው የመጀመሪያው ሰው አውሮፓዊ አይደለም። ከጋሞ የመጡት አባ ባሕርይ በ1593 በግዕዝ ጽፈውታል፤ የጻፉትም እንደ ተሰደደ ሰው ነውና ስለ ጦርነቱ እንጂ ስለ ጸሎቱ አይደለም።

ከሁሉ የበለጠው መጽሐፍ ግን በ1922 በአሜሪካ ሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በእንግሊዝኛ የታተመው የኤንሪኮ ቼሩሊ ስብስብ ነው። ቼሩሊ ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነበሩ። የሰበሰቡትም በኔፕልስ ከተማ ይኖር ከነበረ ሎራንሲዮስ ወልደ ኢየሱስ ከተባለ ኦሮሞ አፍ ነው። የጦር ዘፈን፣ የፍቅር ዘፈን፣ የእረኞች ዘፈን፣ ጸሎት፣ ምሳሌያዊ ንግግር ሁሉ አለበት። ኦሮምኛው ከነትርጕሙ ስለ ታተመ አንባቢ ተርጓሚውን መቈጣጠር ይችላል፤ ይህ ቀላል ቁም ነገር አይደለም። በኦሮሞ ግጥም የፊተኛው ስንኝ ብዙ ጊዜ ከዱር ወይም ከከብት አንድ ሥዕል ያመጣል፤ የኋለኛው ስንኝ ድምፁን ተከትሎ ልቡ የፈለገውን ይናገራል። ትርጕሙን ብቻ ያነበበ ሰው ስለ ግራር ይወራ የነበረው ስለ ምን በድንገት ስለ ወዳጅ ሆነ ብሎ ይደናገራል። ኦሮምኛውን ጮክ ብሎ ያነበበ ግን ሁለቱ ስንኞች በጆሮ እንደ ተጋቡ ያውቃል። ቼሩሊ ኦሮምኛውን ባያትሙልን ኖሮ አስተን የጃፓንን ግጥም እንደ ፈረዱበት እኛም ይህን በፈረድንበት ነበር።

ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ የምታጣው ነገር አለ። ምርቃት ያለ መራቂና ያለ ተቀባይ አይሆንም፤ በኔፕልስ ዋናው ተናጋሪ አንድ ነበር፤ የሚጽፈውም አንድ። «ሐዬ» የሚል ሕዝብ አልነበረም፤ ውኃው አልነበረም፤ ወሩም መስከረም መሆኑን የሚጠይቅ የለም። ጸሎቱ እንደ ተቀጠፈ አበባ በወረቀት መካከል ተቀምጧል፤ ቀለሙ አለ፣ ሽታው የለም። ደግሞም ስለ ሰብሳቢው ዝም ብሎ ማለፍ አልችልም። ቼሩሊ ከዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ በፋሺስት ወረራ ዘመን የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ ምክትል ጠቅላይ ገዥ ሆነው አዲስ አበባ ተቀመጡ። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም ያን ጊዜ በአጠገባቸው ነበሩ። በባዕድ ከተማ ከአንድ ስደተኛ አፍ የለቀሙትን ቃል ባለቤቱ በሚኖርበት ምድር ላይ ሊሰሙት ይችሉ ነበር፤ የመጡት ግን ከጦር ጋር ነው። ከጦር ጋር የመጣ ሰው ምን እንደሚሰማ ከሃሪስ አይተናል። መጽሐፋቸውን ግን ከዚህ የተነሣ አልጥለውም። የመጽሐፉ እውነተኛ ባለቤት ሎራንሲዮስ ነውና።

የአገሩ መምህርስ አልነበረም ወይ? ነበረ፤ መምህርትም ነበረች። በ1886 ከባርነት ነጻ የወጣችው አስቴር ጋኖ በምጥዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማረች በኋላ በልጅነቷ የሰማቻቸውን ወደ አምስት መቶ የሚጠጉ ዘፈኖች፣ ተረቶችና ምሳሌዎች ከትዝታዋ ጻፈች። ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገቡ። ኦኔሲሞስ በ1899 መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ በኦሮምኛ ያሳተሙት፣ አባ ገመቺስ የሚባሉት ናቸው። አስቴርም እንደ ሎራንሲዮስ ከአገሯ ርቃ ነበር የጻፈችው። ልዩነቱ ግን ግልጽ ነው። ሎራንሲዮስ ተጠይቆ መለሰ፤ አስቴር ራሷን ጠይቃ መለሰች። የእርሱ ቃል ለሊቃውንት ጉባኤ ታተመ፤ የእርሷ ግን ፊደል ለሚቈጥሩ የኦሮሞ ልጆች። ስሟ ከቼሩሊ ስም ጎን ሳይጠራ የሚጻፍ የኦሮሞ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሁሉ ሞቶኦሪን ትቶ ቻምበርሌንን የሚያወድስ ታሪክ ነው።

ስለ እምነቱ የተጻፈውንም ባጭሩ ልመልከት። የቀደሙት መንገደኞች ኦሮሞ ዛፍ ያመልካል ብለው ጻፉ። ከዚያ ደግሞ ማርሲያል ደ ሳልቪያክ የተባሉ የካፑሲን መነኩሴ በ1901 ባወጡት መጽሐፍ ሕዝቡ የጥንት አንድ አምላክ አማኝ ነው ብለው አመሰገኑት፤ አመስግነውም አልበቃቸው፣ ከጥንት ፈረንሳውያን ዘር የመጣ ነው እስከ ማለት ደረሱ። አንዱ ዝቅ አድርጎ ሳተ፣ ሌላው ወደ ራሱ ቤት አስገብቶ ሳተ። «አያና» የሚለው ቃልም እንደ ካሚ ብዙ ተንገላቷል፤ አንዱ መንፈስ ሲለው ሌላው ጋኔን ብሎታል። የነገሩ መስተካከል የተጀመረው ሰዎች በስፍራው ተቀምጠው ማዳመጥ በጀመሩ ጊዜ ነው። የስዊድኑ ክኑትሶን በ1967 ስለ ሜጫ ኦሮሞ፣ አስመሮም ለገሠ በ1973 ስለ ቦረና ገዳ፣ በወለጋ ለብዙ ዘመን የኖሩት ሆላንዳዊው ካህን ላምበርት ባርተልስ በ1983 ስለ ምዕራብ ኦሮሞ ሃይማኖት ያወጧቸው መጻሕፍት ለዚህ ምስክር ናቸው። ባርተልስም ካህን ናቸው፤ እንደ ማሳያ። ነገር ግን ከዛፉ ሥር የሚጸልየው ሰው የሚጸልየው ለዛፉ ሳይሆን ለዋቃ መሆኑን፣ አያናም በእያንዳንዱ ፍጥረት ያለ የዋቃ ሥራ መሆኑን ከራሳቸው ከሽማግሌዎቹ ቃል አስረድተዋል።

ሜጫ፣ ቦረና፣ ወለጋ። ቱለማስ? እኔ እንደማየው፣ ስማቸው ከሚጠራው መጻሕፍት መካከል ከዋና ከተማው እግር ሥር ያለውን ሕዝብ ማዕከል ያደረገ የለም። ሊቁ በሰበታ በኩል ወደ ጅማ፣ በቡራዩ በኩል ወደ ነቀምቴ አለፈ። ቅርብ ያለ ነገር ነገ ይደረስበታል ተብሎ ይተዋልና። እነዚህ ከተሞች ግን ዛሬ የቀድሞዎቹ አይደሉም። በሰበታ የፋብሪካው አጥር እስከ ተራራው ግርጌ ደርሷል፤ የቡራዩ መንገድ ቤት ለቤት ተያይዞ ከአዲስ አበባ ጋር ገጥሟል፤ በሱሉልታ ሜዳ የውኃ ፋብሪካዎችና የሯጮች መለማመጃ ቆመዋል። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም ሸገር በተባለው ከተማ አስተዳደር ውስጥ ተጠቃለዋል። ሥራና መኖሪያ የሚጠላ የለም። ይሁን እንጂ ዛፍ ሲቈረጥ ከሥሩ ይባል የነበረው ቃል ወዴት እንደሚሄድ የከተማ ፕላን አያመለክትም።

በዚህም ረገድ ጃፓን ያየችው አለ። ከ1906 ጀምሮ የጃፓን መንግሥት ትንንሾቹን የመንደር መቅደሶች ወደ ትልልቆቹ ማጠቃለል ጀመረ፤ ወደ 200,000 ከሚጠጉት መቅደሶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ የቀሩት 120,000 ያህል ናቸው። መቅደሱ ሲነሣ በዙሪያው የነበረው ደን ተሸጠ። ይህን የተቃወመው ሰው ከሳቶም፣ ከአስተንም ወገን አይደለም። ሚናካታ ኩማጉሱ የተባሉ በለንደን የተማሩ ጃፓናዊ ናቸው። የዕፅዋት ተመራማሪ ነበሩና፣ ደኑ ሲቈረጥ የሚጠፋው ሣርና ሻጋታ ብቻ ሳይሆን የመንደሩ ተረትና ጸሎትም እንደ ሆነ እየዘረዘሩ በዋካያማ ሳሉ ለባለሥልጣኖችና ለሊቃውንት ጻፉ፤ በ1910ም ለጥቂት ቀናት ታሰሩ። አስተን ሺንቶን ከመጽሐፍ አንብበው ሞቱን ተናገሩ፤ ሚናካታ ከዛፉ ሥር ቆመው እንዳይሞት ተከራከሩ።

በመስከረም 2012 ዓ.ም. ኢሬቻ ከብዙ ዘመን በኋላ በአዲስ አበባ መካከል በሆራ ፊንፊኔ ሲከበር የሱሉልታና የቡራዩ ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን እየመሩ ወደ ከተማው ወርደዋል። ካሜራውም፣ ድምፅ መቅጃውም በዚያ ቀን ብዙ ነበር። በማግስቱ ግን ሽማግሌው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ የሚመርቀውም ለሠርግ፣ ለልጅ መወለድ፣ ለጠብ ዕርቅ ነው፤ በዚያም ካሜራ የለም። የኦሮምኛ ተማሪ ዛሬ በላቲን ፊደል ነው የሚማረው፤ የአስቴር መጽሐፍ በግዕዝ ፊደል ነው፤ የቼሩሊ በእንግሊዝኛ ሐተታ ታጅቧል። የሰበታ መምህር ሦስቱንም ማንበብ የሚችል ሰው ነው። በአንድ ቅዳሜ ሎራንሲዮስ በኔፕልስ ከተናገራቸው ጸሎቶች አንዱን ገልብጦ፣ ተማሪዎቹን አስከትሎ፣ ወጨጫ ሥር ለሚኖር አንድ ሽማግሌ ቢያነብለት፣ ሽማግሌው የትኛውን ቃል እንደሚያርም፣ የት ላይ «ይህስ እንዲህ አይባልም» እንደሚል፣ ልጆቹስ የት ላይ «ሐዬ» ማለት እንዳለባቸው ሳይነገራቸው ያውቁ እንደ ሆነ በዚያች አንዲት ከሰዓት በኋላ ይታወቃል።